«ማንነትን ማረጋገጥ» እና «ፈቃድን መበየን»
ስለ ሁለት የኮምፒዩተር ቃላት የቀረበ ማብራሪያ

የኮምፒዩተር ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ዘወትር ከሚቸገሩባቸው ቃላት መኻከል «ኦተንቲኬሽን» እና «ኦተራይዜሽን» የተባሉት ጥንዶች ይገኛሉ። ሁለቱም አንድ ጊዜ «ማረጋገጥ»፣ ሌላ ጊዜ «ፈቃድ» እየተባሉ ሲተረጐሙ እናያለን። በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ይቀራረብ እንጂ ምንጫቸው አንድ አይደለም፤ የፊተኛው ከግሪክኛ፣ የኋለኛው «አውክቶር» ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ነው። ሥራቸውም እንዲሁ የተለያየ ነው። የፊተኛው «አንተ ማን ነህ?» ይላል፤ የኋለኛው «ይህን ልታደርግ ይገባሃልን?» ብሎ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ መደበላለቁ የጀመረው በእኛ ተርጓሚዎች አይደለም። ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. የተባለው የድር መነጋገሪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 በ1.0 ዕትሙ ሲወጣ፣ 401 የሚል ቁጥር ለተሰጠው መልስ «አንኦተራይዝድ» የሚል ስያሜ ሰጠው። ቃል በቃል ቢመለስ «ያልተፈቀደለት» ማለት ነው። የደንቡ ሐሳብ ግን ጠያቂው ማንነቱን ገና አላስረዳም የሚል ነው፤ ስለዚህም አገልጋዩ 401 ብሎ ሲመልስ ማንነት በምን ዐይነት መንገድ እንደሚረጋገጥ አብሮ እንዲገልጽ ይገደዳል። በእውነት የተከለከለው ጠያቂ የሚያገኘው መልስ 403 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9110 የተባለው ሰነድ ትርጕሙን አጥርቶ ቢያስቀምጥም የ401ን ስም አልለወጠም። እንግዲህ ተርጓሚው ስያሜውን ብቻ ተከትሎ «አልተፈቀደልዎትም» ብሎ ቢጽፍ፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና ማስገባት ብቻ ይበቃው የነበረው ሰው ፈቃድ ለመለመን ወደ አለቃው ይሄዳል።

«ፈቃድ» የሚለው ቃላችንም ሰፊ ነው። የዓመት ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንላለን። ብዙዎች ለ«ኦተራይዜሽን» የሚመርጡት «ፈቃድ መስጠት» የሚለውን ነው፤ እኛ ግን አንስማማበትም። መንጃ ፈቃድ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ፈቃዱን በኪሱ የያዘ ሾፌር ግን መግቢያ በሌለው መንገድ ቢገባ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው የትራፊክ ፖሊሱን ሥራ ነው፤ በየጥያቄው ይፈርዳል። ስለዚህ «ፈቃድን መበየን»፣ ውጤቱንም «ብያኔ» ማለት ይሻላል እንላለን። («ብያኔ» በሰዋስው መጻሕፍት ለሌላ ነገር ማገልገሉን አልዘነጋንም፤ ዐውዱ ይለየዋል።)

ነገሩ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚታይ ዶከር የተባለውን ሶፍትዌር ምሳሌ አድርገን እንመልከት። ዶከር ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ክልል ለይቶ የሚያስኬድ ሲሆን፣ ትእዛዝ የሚቀበለው በድር ጥያቄ መልክ ነው። ከጥንቱ አሠራሩ፣ መግባት የቻለ ሁሉ ሁሉንም ማዘዝ ይችላል። ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 1.10 ዕትም የፈቃድ ተሰኪ እንዲቀጠልበት ተደረገ። ማንነትን የሚያረጋግጠው ዶከር ራሱ ነው፤ ከዚያ የጠያቂውን ስም፣ የጥያቄውን ዐይነት፣ አድራሻና ይዘት ለተሰኪው ያስተላልፋል። ተሰኪው «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ብሎ ይበይናል፤ መልሱም ወደ ጠያቂው ከመመለሱ በፊት እንደገና ይጠየቃል። ተሰኪዎች ብዙ ከሆኑ ሁሉም መፍቀድ አለባቸው፤ አንዱ ከከለከለ ጥያቄው በ403 ይመለሳል።

ለ«ፕለጊን» የያዝነው «ተሰኪ» የሚለው ቃል ከመሰካት የወጣ በመሆኑ የሚያከራክር አይመስለንም። አስቸጋሪው «ሚድልዌር» ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ በተደረገው የሶፍትዌር ምሕንድስና ጉባኤ ላይ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ በማሽኑ መሠረታዊ ሥርዐትና በተጠቃሚው ፕሮግራም መኻከል ያለውን ንብር ያመለክት ነበር። ዛሬ በድር ሥራ የሚባለው ግን በጥያቄና በመልስ መንገድ ላይ ቆሞ የሚመረምረው ነው። «መካከለኛ ሶፍትዌር» ብንል በጥራቱ መካከለኛ የሆነ ይመስላል፤ «አማላጅ» ደግሞ ከሃይማኖት ትርጕሙ አይላቀቅም። «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለው የቤተ መንግሥት ማዕረግ ሥራውን በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገልጻል፤ የእልፍኙን በር የሚጠብቀው እርሱ ሲሆን ማን እንደሚገባ የሚወስነው ሌላ ነበርና። ሆኖም ሚድልዌር ሁሉ በር ጠባቂ አይደለም፤ መዝገብ የሚይዝም፣ ጽሑፍ የሚያጭቅም አለ። ስለዚህ «አሳላፊ» የሚለውን መርጠናል። በግብር ላይ የሚያስተናግደውን ሰው ቢያስታውስም ጕዳት የለውም፤ እርሱም ቢሆን የሚያሳልፈውን አይቶ ነው የሚያሳልፈው።

አይቶ ማሳለፍ ስንል፣ ሳያዩ መበየን ምን እንደሚያስከትል ያው ዶከር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ጕድለት ተገኘበት። ጠያቂው የጥያቄውን ርዝመት ዜሮ ብሎ ሲያስመዘግብ አሳላፊው ይዘቱን ትቶ ባዶውን ጥያቄ ለተሰኪው ያቀርብ ነበር፤ ተሰኪውም ይዘቱን ቢያይ ኖሮ የሚከለክለውን ሊፈቅድ ይችላል። በ2019 በጥር ወር ታረመ፤ እርማቱ ግን ወደ ኋለኞቹ ዕትሞች ሳይሸጋገር ቀርቶ በሐምሌ 2024 እንደገና ማስጠንቀቂያ ወጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የማንም ማንነት አልተጭበረበረም፤ ጠያቂው በትክክል ታውቋል። የተዛባው ብያኔው ነው። ዜናውን «የማረጋገጥ ጕድለት» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱን ባለሙያ ስሕተቱ ወደሌለበት ወደ ይለፍ ቃል ይመራዋል።

በመዝገባችን የሚገቡት ቃላት እንግዲህ ማንነትን ማረጋገጥ፣ ፈቃድን መበየን፣ ተሰኪ እና አሳላፊ ናቸው። 401ን «ማንነት አልተረጋገጠም»፣ 403ን «ተከልክሏል» ብለን እንመዘግባለን።