ቁመት ለክቶ ኪሎ የሚነግረን ጥብጣብ

ራሱን ስቶ የመጣ ሕፃን ሚዛን ላይ አይቆምም። መድኃኒቱ ግን ሁሉ የሚታዘዘው በኪሎ ነው።

የድንገተኛ ሐኪሞች ለጠና ለታመመ ሕፃን ሲሠለጥኑ ሁሉም የሚጓጓው ማኒኪኑን፣ የመተንፈሻ ቱቦውንና የልብ ማስነሻ ማሽኑን ለመንካት ነው። እኔ የምሳሳለት ግን መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚረሳ አንድ ባለ ቀለም ጥብጣብ አለ፤ ብሮስሎ ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ብሮስሎ ያሰበውና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሮበርት ሉተን ጋር ያዳበረው ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ ቀይ ቀስት ያለበት ጫፍ አናት ላይ ይያዛል፣ ጥብጣቡ እስከ ተረከዝ ይዘረጋል፣ ተረከዙ ያረፈበት ቀለም ግምታዊ ኪሎውን፣ የመድኃኒቱን መጠንና የቱቦውን ቁጥር ይናገራል። ግራጫው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ የመጨረሻው አረንጓዴ ከ30 እስከ 36።

ጥቅሙ ስሌቱን ከሐኪሙ ጭንቅላት ማውረዱ ነው። ልቡ ለቆመ የ10 ኪሎ ሕፃን አድሬናሊኑ 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ነጥቧ አንድ ቤት ከተንሸራተተች አሥር እጥፍ ሰጠን ማለት ነው። እናት እያለቀሰች፣ ነርሷ ሲሪንጅ ይዛ «ስንት ልሳብ ዶክተር?» እያለች፣ ጎበዝ ተማሪ የነበረ ሰውም ነጥብ ይስታል።

በሥልጠና ላይ ይህን ስናገር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «ይሄ ለፈረንጅ ልጅ የተሠራ ነው፤ የእኛ ልጅ በምግብ እጥረት የተጎዳ ነው፤ በዕድሜ ብናሰላ ይሻላል።» ይህ ክርክር ያናድደኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

በዕድሜ የሚሰላው የታወቀው ቀመር ዕድሜው ላይ 4 ደምሮ በ2 ማባዛት ነው። የአራት ዓመት ልጅ 16 ኪሎ ይሆናል። መጀመሪያ ነገር፣ እናትየው «ለመስከረም አራት ይሞላዋል መሰለኝ» ስትል ቀመሩ ምን ይዞ ይቆማል? ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የከሱት 7 በመቶ። የቀነጨረ ልጅ አጭር ነው፤ ጥብጣቡም የሚያነበው ይህንኑ አጭርነቱን ነው። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአራት ዓመት ልጅ ቢጫው ላይ ያርፋል፤ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ማለት ነው። ዕድሜ አሳስቶ 16 ሲል ቁመት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ስለዚህ «የእኛ ልጅ» ብለው የሚጥሉት መሣሪያ በብዛት ላለው ችግራችን ከቀመሩ ይልቅ የሚስማማው ነው።

የከሳው ልጅ ግን ሌላ ነው። ቁመቱ እያለ ሥጋው አልቋል፤ ጥብጣቡ ካለው ኪሎ በላይ ይሰጠዋል። እዚህ ዓይንና እጅ ያስፈልጋሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራው ፖፐር የተባለው ጥብጣብ ይህን አስቦ ከቁመቱ ቀጥሎ ስለ ሰውነቱ ውፍረትና ቅጥነት ነጥብ ያስሰጣል። ልጁ ፋታ ከሰጠ ደግሞ እናቱ አቅፋው ትመዘን፣ ከዚያ ለብቻዋ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ። ይህን የሚያህል የለም።

በጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ ወዲህ ሐኪሞቻችን ብዙ ተለውጠዋል። ጥብጣቡን በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ የማስቀመጥ አመል ግን አልለቀቀንም። ጉልበት ሳይዘረጉ መለካት፣ ተረከዙን ትቶ እስከ አውራ ጣት መጎተትም አለ። ሁሉም ከጥድፊያ የመጣ ይመስላል፤ የልምምድ ማነስ ነው። በልምምድ ላይ ሕፃኑ አልጋው ላይ ከመድረሱ በፊት ጥብጣቡን ማን እንደሚይዝ በስም ይነገር፤ ያ ሰው ለክቶ ቀለሙን ጮክ ብሎ ይጥራ።

ፎቶ ኮፒ የምታደርጉም አላችሁ። ማሽኑ ትንሽ ካሳነሰው ልጁ ከኪሎው በላይ ይነበባል። ከዋናው ጎን ዘርግታችሁ አስተያዩት፤ ጫፍ ለጫፍ ካልገጠመ ቅደዱት።