ባትሪ የሞተበት አውቶማቲክ መኪና በገመድ አይጎተትም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት የሚጻፈውን አቤቱታ ዘወትር እከታተላለሁ። እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው በማንም ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ሳይሆን ባለማወቄ በገዛ እጄ የሠራሁትን ስሕተት ነው። እንደ እኔ ከደመወዛቸው ቆጥበውና ዕቁብ ጥለው አንዲት ያገለገለች አውቶማቲክ መኪና የሚገዙ የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎች ስለሆኑ፣ የእኔ ኪሣራ ለእነርሱ ማስጠንቀቂያ ይሆን እንደሆነ በማለት ይህን ጽሑፍ ልኬያለሁና ቦታ እንዲሰጡልኝ በማክበር እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ አጎቴ በደብረ ብርሃን ስላረፉ ከልጄ ጋር ለቀብር ለመድረስ ጎሕ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሸኖ ወዲያ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሞ ስለጠበቀን የመኪናዬን መብራት ሁሉ አብርቼ ቀስ እያልሁ ነዳሁ። ከለቅሶው ቤት ስደርስ ዋይታው ከደጅ ይሰማ ስለነበር መኪናዬን አቁሜ ጋቢዬን እያጣፋሁ ገባሁ። መብራቱን ማጥፋት ማን ያስታውሳል? ከቀብር ተመልሰን፣ ንፍሮውን ቀምሰን፣ ዘመድ አዝማዱን ተሰናብተን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቁልፉን ባዞር መኪናይቱ ትንፍሽ አላለችም። ባትሪው ሞቷል። የደብረ ብርሃን ብርድም የባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የአገራችን ሰው ደግነት መቼም የታወቀ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ጋቢውንና ካፖርቱን እየጣለ «ገፍተን እናስነሣዋለን!» ብሎ ከበበኝ። ይሁን እንጂ ማርሹ «ፒ» ላይ ተቆልፎ ነበርና አልነቃነቅ አለ። አንድ ወጣት ሾፌር «ጋሼ፣ ይህችን ይዩ» ብሎ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክዳን በቁልፍ ጫፍ አነሣና ከሥሯ ያለውን ቢጫን ማርሹ ተለቀቀ። ከዚያም በቁልቁለቱ ሁለት ጊዜ ገፉን፤ ሁለት ጊዜም እታች ደርሰን ቆምን። በዚህ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ፒካፑን አምጥቶ «በሰው ጉልበት አልነሣ ካለ በመኪና ጉልበት ይነሣል። ማርሹን ዲ ላይ አድርገው፤ አንድ አምስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ይነሣል፤ ባይነሣም አዲስ አበባ አደርስሃለሁ» አለኝ። ገመድ ታሠረና ጉዞ ጀመርን።

ሞተሩ ያልተነሣ መኪና ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያውቀው መሪው ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ፍሬንን የሚያግዘው ከሞተሩ የሚገኝ ኃይል ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደድራል። መሪውም ይከብዳል። ባትሪ የለምና የኋላ መብራት የለም፣ ፍሬቻ የለም፣ ጡሩምባ የለም። ጫጫን አልፈን ሸኖ ሳንደርስ ጭነት የተሸከሙ አህዮች በድንገት አስፋልቱን አቋረጡ። ፒካፑ ቆመ፤ እኔ በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ብቆምም ሄጄ ከኋላው ተላተምሁ። አንድ የፊት መብራትና ፓራውርቲው ተሰበረ። ልጄ ቀበቶዋን ባታስር ኖሮ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ባልሆነም ነበር። አለልቱ ላይ «አባዬ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። የፒካፑ ፍሬን ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት። ከሰንዳፋ ወዲህ ጨለመ፤ መብራት በሌለው መኪና በዚያ የጭነት መኪና በሚበዛበት መንገድ እንዴት እንደገባን ሳስበው እስከ አሁን ያስፈራኛል።

በማግሥቱ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጊዜ አላጠፉም። ኮፈኑን ከፍተው ከሌላ መኪና በገመድ ባትሪውን ቢያገናኙት በአምስት ደቂቃ ሞተሩ ተነሣ። ደስታዬን አልደብቅም፤ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን ማርሹን «ዲ» ላይ አድርጌ ነዳጅ ብሰጥ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናይቱ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ወደ ኋላም እንዲሁ። ሽማግሌው የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዘው አሸተቱት፤ ለእኔም ሰጡኝ። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

«ከየት ነው የጎተቷት?» አሉኝ።

«ከደብረ ብርሃን።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ የጎተተችዎ መኪና ባትሪ የላትም ኖሯል?» አሉኝ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ ከጥገናው ዋጋ ይልቅ ከነከነኝ። ዋጋው የሦስት ወር ከግማሽ ደመወዜ ነበር፤ ያም ቀላል አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከገመዱ ወዲያ ጫፍ፣ ከዐይኔ ፊት፣ 130 ኪሎ ሜትር ሙሉ አብሮኝ ሲጓዝ ነበር።

ሽማግሌው ያስረዱኝንና በኋላም ከመኪናይቱ መምሪያ መጽሐፍ አንብቤ ያረጋገጥሁትን ልናገር። በእጅ ማርሽ በሚነዳ መኪና ሞተሩና ካምቢዮው በፍሪሲዮን አማካይነት ብረት ለብረት ይያያዛሉ። ስለዚህ መኪናው ሲገፋ ጎማው ካምቢዮውን፣ ካምቢዮውም ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ይነሣል። በአውቶማቲክ ግን ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በዘይት ነው። ዘይት በሞላበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ማራገቢያ መሳይ ነገሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱን ሞተሩ ሲያዞረው የሚወረወረው ዘይት ሌላውን ያዞረዋል። በካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚያያይዙትም የዘይት ግፊት ኃይል ነው። ይህን ዘይት የሚገፋውን ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ብቻ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ አይዞርም፤ ፓምፑ ካልዞረ ማርሽ አይያዝም። ስለሆነም መቶ ሰው ቢገፋው አይነሣም።

ጉዳቱ ግን እዚህ ላይ አይቆምም። ያው ዘይት ካምቢዮውን የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘውም ነው። መኪናው ሲጎተት ጎማው የካምቢዮውን ብረቶች ያዞራቸዋል፤ ዘይቱ ግን ተኝቷል። ብረት ከብረት በደረቁ ሲፋተግ ይግላል፣ ይቃጠላል። ልጄ አለልቱ ላይ ያሸተተችው ይህንን ነበር።

በቅንነት ልናገርና፣ «አውቶማቲክም ተገፍቶ ሲነሣ አይቻለሁ» የሚሉ አዛውንት ሐሰት አይናገሩም። በቀድሞ ዘመን አንዳንድ አውቶማቲክ መኪናዎች በጎማው ኃይል የሚዞር ሁለተኛ ፓምፕ በካምቢዮው ጀርባ ነበራቸው። እነዚያ ተገፍተው ይነሡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን ፋብሪካዎቹ ይህን ፓምፕ እየተዉት መጡ። እኛ የምንነዳቸው የላቸውም። መኪናው ተለውጧል፤ ምክሩ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ እዚህ ደርሷል።

እንግዲህ ባትሪ ሲሞት የሚሠራው ሥራ መኪናውን ካለበት ሳያነቃንቁ ባትሪውን ማንቃት ነው። ሁለቱ መኪናዎች ሳይነካኩ ይጠጋጋሉ፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቀዩ ገመድ በመጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደኅናው ባትሪ ፖዘቲቭ ይታሠራል። ጥቁሩ ከደኅናው ባትሪ ኔጌቲቭ ይታሠርና ሌላው ጫፉ ከሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን በዚያው መኪና ሞተር ላይ ካለ ቀለም ካልተቀባ ብረት፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይያያዛል። ምክንያቱም ባትሪ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በመጨረሻው መያያዣ ላይ የምትፈነጥቀው ብልጭታ ልታፈነዳው ትችላለች። በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስም ክልክል ነው። ከዚያ ደኅናው መኪና ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ቀጥሎ የሞተው ይነሣል። ገመዱ የሚፈታው በታሠረበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ያምታታ ሰው የመኪናውን ኤሌክትሪክ ያቃጥላል። የትልልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ባትሪ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነውና የእኛን የ12 ቮልት መኪና ከእነርሱ ጋር ማያያዝ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልነሣ ካለና መጎተት ግድ ከሆነ፣ ኃይል የሚሰጠው ጎማ መሬት መንካት የለበትም። በከተማችን የሚበዙት ትንንሽ መኪናዎች የሚጎትቱት በፊት ጎማቸው ስለሆነ ፊታቸው ተነሥቶ ይጎተታሉ። በአራቱም ጎማ የሚሄድ ከሆነ መኪናውን እንዳለ በጭነት መኪና ጀርባ መጫን ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ማርሹ «ኤን» ላይ ሆኖ ለአጭር ርቀት በዝግታ መጎተትን ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል። ስለዚህ መምሪያ መጽሐፉን ማየት ነው። የእኔው መጽሐፍ ከነላስቲኩ በመሳቢያው ውስጥ ተኝቶ ነበር። በቢሮ ስንት መመሪያ አንቀጽ በአንቀጽ እየጠቀስሁ ባለጉዳይ የምመልስ ሰው የራሴን መኪና መምሪያ አንድ ቀን አለመግለጤን ስናገር አፍራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ባለቤቶቹም ይህ እኛን አይመለከትም ይሉ ይሆናል። ይመለከታቸዋል። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪው ሌላ አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፤ ትንሹ ሲሞት ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነሣም። ጎማው እየዞረ ቢጎተት ደግሞ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይጀምርና ራሱን ሊጎዳ ይችላል። እሱም ተጭኖ የሚሄድ ነው።

በበኩሌ የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ይህን ትምህርት አንድ ሰዓት ቢመድቡለት ምን ይጎድልባቸዋል? የመሥሪያ ቤት ጋራዦችና የጥበቃ ክፍሎችም አንዳንድ የባትሪ ገመድ ቢያስቀምጡ ዋጋው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ግቢ የአንዲት ባልደረባችን አውቶማቲክ መኪና አልነሣ ብላ ዘበኞቹና ተላላኪዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊገፏት ከኋላዋ ቆመው አየኋቸው። ስብሰባ ላይ ነበርሁ፤ አለቃዬን ይቅርታ ሳልጠይቅ ገመዴን ይዤ ወረድሁ። መኪናይቱ ተነሣች፤ እኔም ስብሰባ ጥሎ ስለመውጣት በቃል ተገሠጽሁ።

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ