ብጉርና ገበታችን

ፊታቸው ላይ ብጉር የሚመላለስባቸው ሰዎች ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛውን ምግብ ልተው?» ብለው ነው። ቅቤና በርበሬ ትተው የሚመጡ አሉ። «ጾም ላይ ሆኜ እንኳ አልለቀቀኝም» የሚሉም አይጠፉም።

ብጉር የሚወጣው የቆዳ ወዝ ሲበዛ፣ የወዙ መውጫ ቀዳዳ ሲደፈንና ባክቴሪያ ሲራባበት ነው። መነሻው በአብዛኛው ሆርሞንና የቤተሰብ ዝርያ ነው፤ ምግብ ግን ሊያባብሰው ይችላል። ስኳርና የፉርኖ ዱቄት ምግቦች የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋሉ። ሰውነትም ይህን ለማውረድ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ሲበዛ ደግሞ ወዝ የሚያበዙ ሆርሞኖች ይነሣሣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከ15 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 43 ወንዶች ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። የደም ስኳርን በዝግታ የሚጨምሩ ምግቦችን የተመገቡት ብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሷል። ወተትን ከብጉር ጋር የሚያያይዙ ጥናቶችም አሉ፤ ማስረጃቸው ግን ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። በርበሬ ብጉር እንደሚያመጣ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

የጾመኛው ጥያቄም መልሱ እዚህ ላይ ነው። ወተትና ቅቤ ቢቀርም፣ ማፍጠሪያው ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ፣ ጥም መቁረጫው ለስላሳ መጠጥ ከሆነ ለቆዳው የተለወጠ ነገር ጥቂት ነው።

በራቤልና በመንዝ ደጋ ላላችሁ አንባቢያን መልካሙ ምግብ ከጓዳችሁ አይርቅም። የገብስ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮና ምስር የደም ስኳርን በዝግታ ከሚጨምሩት ውስጥ ናቸው። በሶውንም ያለ ስኳር ጨብጡት።

ስለዚህ፦

• የሻይና የቡና ስኳር ይቀንሱ፤ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ይተዉ።
• ለውጡን ቢያንስ ለ12 ሳምንታት ይሞክሩ፤ በሳምንት ውጤት አይጠብቁ።
• ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ወተት ያለ ሐኪም ምክር አይከልክሉ።
• ብጉሩን አያፍርጡ፤ ጠባሳ ይተዋል።
• ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸውን ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊትዎን አይቀቡ። ለጊዜው ያጠፉት ቢመስልም ቆዳን ያሳሳሉ፤ ራሳቸውም ብጉር ያመጣሉ።

ብጉሩ የሚያምና ጠጠር ያለ እብጠት ከሆነ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ ወይም ከሰው መሸሽ ካስከተለ በምግብ ብቻ አይጠብቁ። ፈዋሽ መድኃኒት አለውና ጠባሳው ሳይበዛ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠባሳን ከማጥፋት ይልቅ ብጉርን ማከም ይቀላል።