በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ የተጻፈው ቍጥር ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣም ሆነ በሱቁ ደርድሮ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የጨርቅን ርዝመት በሜትር፣ የእህልን ክብደት በኪሎ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክንም ልክ ማወቅ ይገባዋል። ልኩ ሳይታወቅ የተሸጠ ዕቃ የገዢውን ቤት ሊያቃጥል፣ የሻጩንም ስም ሊያጠፋ ይችላልና። ሒሳቡ ግን ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

ነገሩ ከፍ ካለ ቦታ ከተቀመጠ በርሜል በቧንቧ የሚወርድ ውሃን ይመስላል። ቮልት ማለት ውሃውን የሚገፋው ግፊት ነው። አምፔር የሚፈሰው መጠን ነው። ኦም ደግሞ የቧንቧው ጥበት ውሃውን የሚቋቋምበት ልክ ነው። ዋት የሚባለው ከግፊቱና ከፍሰቱ የሚገኘው ኃይል ነው። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የመቋቋሙ ልክ በኦም ይገኛል። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ በዋት ይታወቃል።

ለምሳሌ 220 ቮልትና 10 አምፔር የተጻፈበት የውሃ ማፍያ ቢኖር፣ 220 ለ10 ሲካፈል 22 ኦም፣ 220 በ10 ሲባዛ 2,200 ዋት ይሆናል። ዋቱ ብቻ የተጻፈ እንደሆነም ለ220 አካፍሎ አምፔሩን ማግኘት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። እንግዲህ ለአሜሪካ የተሠራ የ120 ቮልትና የ1,200 ዋት ካውያ 10 አምፔር ይስባል፤ የመቋቋሙም ልክ 12 ኦም ነው። ይኸው ካውያ በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ 220 ለ12 ተካፍሎ ከ18 አምፔር በላይ ይስባል፤ ኃይሉም ወደ 4,033 ዋት ይደርሳል። ይህም ከተሠራበት ልክ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ ካውያው ወዲያው ይቃጠላል። በርካሽ ዋጋ የተገዛ ጭነት በዚህ ምክንያት ሳይሸጥ በመጋዘን ሊቀር ይችላል።

የማከፋፈያ ገመድ የሚሸጥ ባለሱቅም ይኸው ሒሳብ ይመለከተዋል። 10 አምፔር የሚችል ገመድ በ220 ቮልት ከ2,200 ዋት በላይ አይሸከምም። ከላይ በተባለው የውሃ ማፍያ ላይ የ1,100 ዋት ካውያ ቢጨመርበት ፍሰቱ 15 አምፔር ይሆናል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ትንሽ የሚመስለው ጭማሪ የገመዱን ልባስ ለማቅለጥ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ በትክክል የሚሠራው እንደ ካውያና እንደ ምጣድ ለሚያሞቁ ዕቃዎች ነው። ሞተር ያለበት ማቀዝቀዣ ሲነሣ ከወትሮው የበለጠ አምፔር ስለሚስብ፣ በእርሱ ላይ ፋብሪካው የጻፈውን መከተል ይሻላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት የስልክ መሙያ ግን በሁለቱም አገር ይሠራል።

ስለዚህ አስመጪው በማዘዣ ደብዳቤው ላይ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ዕቃው ሲደርስም ከመረከቡ በፊት ጽሑፉን ያመሳክር። ባለሱቁም ገመድ ከመሸጡ አስቀድሞ ገዢው ምን ምን ሊሰካበት እንዳሰበ ይጠይቅ። በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ የሚሠራ ይህ ሒሳብ ከብዙ ኪሣራና ከእሳት አደጋ ያድናል።