የፒክአፕ መኪና የፍሬን ዲስክ ዝገትና መሳሳት

ዕቃውን በፒክአፕ መኪና የሚያጓጉዝ ነጋዴ ሁሉ የፍሬኑን ዲስክ ሁኔታ ሊያውቅ ይገባዋል። ዲስኩ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ እርጥበት በነካው ጊዜ ፈጥኖ ይዝጋል። ከአንድ ሌሊት ዝናብ በኋላ የሚታየው ቀላ ያለ ዝገት አያሠጋም፤ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ሲያዝ ሸራው ጠርጎ ያነሣዋልና። ነገር ግን መኪናው ጨው የሚያመላልስ፣ ወይም እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳር ከተማ ለብዙ ሳምንታት ቆሞ የሚሰነብት ሲሆን፣ ዝገቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ብረቱን ይቦረቡራል፤ ሸራውንም ይበላል።

የሳሳ ዲስክ ሙቀትን የመሸከም ኃይሉ ያነሰ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ጭኖ ወደ ቆላ በሚወርድ መንገድ ላይ ፍሬኑ ደጋግሞ ሲያዝ ዲስኩ ሊሰነጠቅ፣ የፍሬኑም ዘይት ሊፈላና ፍሬኑ እምቢ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ባለመኪናው ጎማው በተፈታ ቁጥር የዲስኩን ውፍረት ያስለካ። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ላይ በሚሊሜትር ተቀርጾ ይገኛል። በቶርኖ ማስላጥ ዲስኩን ይበልጥ ስለሚያሳሳው፣ ከዚህ ልክ በታች የሚያወርደው ከሆነ ሊደረግ አይገባም። ሲለወጥም የግራውና የቀኙ ባንድነት፣ ከአዲስ ሸራ ጋር ይለወጥ። የዲስክ ዋጋ ከጭነቱና ከነጂው ሕይወት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው።