ከርነሉ የሚመልሰው ረጅም ትዕዛዝ

አንድ ፎልደር ውስጥ 200 ሺህ የሎግ ፋይሎች ተከማችተዋል። ሁሉንም ለማጥፋት አርኤም ብለን ኮከብ ምልክት ስናስከትል ሊኑክስ «የአርጉመንቱ ዝርዝር በጣም ረዝሟል» ይለናል። አርኤም ግን ጨርሶ ሥራ አልጀመረም። ኮከቧን ወደ ፋይል ስሞች የሚዘረዝራት ሼሉ ነው፤ ዝርዝሩ የሚታገደው ከርነሉ ለአዲሱ ፕሮግራም ሲያስረክበው ነው። ሼሉ ውስጥ የተሠራው ኤኮ ርክክብ ስለማያስፈልገው ያንኑ ዝርዝር ያለ ችግር ያትመዋል።

ከርነሉ ለዝርዝሩ የሚፈቅደው ጣሪያ ድሮ በጣም ዝቅተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ የሚፈቅደው 5,120 ባይት ነበር። ሊኑክስ ለዓመታት በ128 ኪሎባይት ቆይቶ፣ በ2007 በወጣው 2.6.23 ከርነል ገደቡን የስታክ መጠን ሩብ አደረገው፤ በተለመደው የ8 ሜጋባይት ስታክ 2 ሜጋባይት ማለት ነው። የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮችም ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ።

የሚቆጠረው ባይት መሆኑ በአማርኛ ስም የሚያስቀምጡትን በቀጥታ ይነካል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ማብቂያው ዜሮ ባይትና 8 ባይቱ ፖይንተር ሲታከሉ፣ አሥር የላቲን ፊደል ያላቸው 110 ሺህ ያህል ስሞች በሚያልፉበት ቦታ አሥር የግዕዝ ፊደል ያላቸው 53 ሺህ ገደማ ብቻ ያልፋሉ።

ገደቡን ከፍ ማድረግ ችግሩን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው። የሚያዛልቀው ዝርዝሩን ከፋፍሎ ማስረከብ ነው፤ ኤክስአርግስ የተሠራውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው አሠራሩ ስሞችን በክፍት ቦታ ስለሚለይ፣ «የጥር ሪፖርት» የተባለው ፋይል «የጥር» እና «ሪፖርት» ሆኖ ይደርሰዋል። ከአርኤም ጋር ከተጣመረ «ሪፖርት» የተባለ ሌላ ፋይል ሊጠፋ ይችላል! ስለዚህ ፋይል ፈላጊው ፋይንድ ስሞቹን በዜሮ ባይት እየለየ እንዲያወጣ፣ ኤክስአርግስም በዚያው እንዲቀበል ማድረግ ግድ ነው። ይህ አማራጭ ፖዚክስ መስፈርት ውስጥ የገባው በ2024 ነው። የፋይንድ ኤግዜክ በመደመር ምልክት ሲዘጋም ያለ ኤክስአርግስ ከፋፍሎ ያስረክባል።

መከፋፈል ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ታር አዲስ ማህደር እንዲፈጥር ታዝዞ ዝርዝሩ ለሁለት ከተከፈለ፣ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ማህደር ደምስሶ ይጽፍበታል፤ መጠባበቂያው ጎደሎ መሆኑ የሚታወቀው ፋይሉ ሲፈለግ ነው። የግኑ ታር የስሞቹን ዝርዝር ከፋይል ማንበብ ስለሚችል፣ እዚህ ላይ እሱን መጠቀም ይገባል።