የኢሲጂ ወረቀታችሁን ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት

ባለፈው ክረምት አጎቴን ይዤ አዳማ ሐኪም ዘንድ ሄድን። መቂ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እሱ ግን «አቧራው ነው» እያለ ወራት አሳለፈ። ሐኪሟ ኢሲጂ አዘዘችለት፣ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «አባባ፣ ከዚህ በፊት የተነሱት አለ?» አለችው።

ነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት ተነስቶ፣ ወረቀቱን ከጭነት ደረሰኞች ጋር አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስቀምጦታል። ስናወጣው ቀያዮቹ ካሬዎች ብቻ ቀርተዋል። መስመሩ በሙቀት ጠፍቷል።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን የልቡ የግራ ኤሌክትሪክ መስመር ተዘግቷል። አዲስ ይሁን የቆየ ግን የዛሬው ወረቀት ብቻውን አይናገርም። አዲስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያስቸኩላል።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ቢሆንም የዚያን ዕለት ማታ ስልኬን ይዤ ሳነብ አነጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ምት የሚነሳው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ በግራና በቀኝ ቅርንጫፍ ወርዶ ጡንቻውን ያነቃዋል። ከአዳማ አዲስ አበባ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ አስቡት። እሱ ቢዘጋ መኪናው በአሮጌው መንገድ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም አድርጎ ይደርሳል፤ ግን ይዘገያል። የግራው ቅርንጫፍ ሲዘጋም ምልክቱ ከቀኝ በኩል ጡንቻውን እያቋረጠ ቀስ ብሎ ይሻገራል። ወረቀቱ ላይ ትልቁ ሞገድ ሰፍቶ 3 ትንንሽ ካሬ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በተለመደው የወረቀት ፍጥነት አንዱ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ ነው።

ችግሩ ሌላ ጥያቄም መኖሩ ነው፤ የልብ ጡንቻው ላይ ጠባሳ አለ ወይ? ደም ተቋርጦበት የሞተ የልብ ጡንቻ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም፣ ኤሌክትሪክም እንደ ጤነኛው አያሳልፍም። የተዘጋው መስመር የሞገዱን ቅርጽ ስለሚቀይረው፣ እንዲህ ያለ ኢሲጂ ላይ ጠባሳን ማንበብ አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር።

አሜሪካዊው ሐኪም ሮናልድ ሴልቬስተር የሞገዶቹን ስፋትና ቁመት በነጥብ የሚቆጥር ዘዴ ሠርቶ ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ የግራውን የታችኛ የልብ ክፍል 3 በመቶ ያህል ጠባሳ ያመለክታል፤ 5 ነጥብ ማለት 15 በመቶ ገደማ ነው። በኋላ ከዴቪድ ስትራውስና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለእያንዳንዱ የመስመር መዘጋት የራሱን ደንብ አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናትም ውጤቱን ከኤምአርአይ ምስል ጋር አመሳከሩት። ሐሳቡ ቀላል ነው። መኪናው በአሮጌው መንገድ እንደመጣ ካወቅህ፣ ስንት ሰዓት መድረስ እንደነበረበትም ታውቃለህ። ከዚያ ወዲያ ያለው ልዩነት ሌላ ነገር ይነግርሃል። ለምሳሌ የግራው ሲዘጋ፣ ከደረት ፊት ለፊት የሚነሱት ሞገዶች በአብዛኛው ወደ ታች ነው የሚወርዱት። እዚያ ጋ ወደ ላይ ጎላ ብሎ የሚወጣ ከታየ ነጥብ ይያዝበታል።

እኛ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን እናውቀዋለን። ገቢውን የማይነግርህን ቤተሰብ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይ፣ ስንት በሬ አለው ብለህ ትገምታለህ። ግምት ነው፤ ግን በርካሽ ይገኛል። ጠባሳን በደንብ የሚያሳየው የልብ ኤምአርአይ ውድ ነው። ከመቂ ወይም ከባቱ ተነስቶ ለሚመጣ ሰው ደግሞ የመንገዱ፣ የማረፊያውና የቀረው ገበያ ሁሉ ይደመርበታል። ርካሹ ወረቀት ኤምአርአይን አይተካም። ሊሳሳትም ይችላል። ነጥቡን የሚቆጥረው የሠለጠነ ሰው እንጂ እኔና እናንተ አይደለንም። ግን ማን ወደ ውዱ ምርመራ ቶሎ ይሂድ ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ ይሰጣል።

የእኛ ድርሻ ወረቀቱን ማቆየት ነው። ብዙው የኢሲጂ ወረቀት እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ አይወድም፤ አዳማና መቂ ደግሞ ፀሐይ ሞልቷል። ስለዚህ የእናት የአባታችሁን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ስሙ፣ ቀኑና ካሬዎቹ እንዲነበቡ ፎቶ አንሱት። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ፎቶኮፒም ይሠራል። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ካለ ግን ወረቀት ፍለጋ አትቆዩ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

አጎቴ ኤኮ ተነሳ፣ መድኃኒትም ጀመረ። መስመሩ መቼ እንደተዘጋ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ «ያለፈውስ?» ስትለው ስልኩን አወጣ። ከሽንኩርት ፎቶዎቹ መሃል ፈልጎ እስኪያገኘው ትንሽ ጠበቀችው።